የእግዜርን ድርሻ የሰበረችው ዘርፌ

ይኼ የሆነው የአያቶቼ አያቶች ገና ድኸው ሳይጨርሱ ነው። እኔ አላየሁም። አባቴም አላየም። ለአባቴ የነገረው ሰው ግን ካየ ሰው ሰምቷል። ቀረብ በሉ ልጆቼ። ረጅም ወሬ አይሆንልኝም፤ አሳጥሬ ነው የምነግራችሁ።

ግራምባ የምትባል አገር ነበረች። አሁንም አለች። ከደጋው ግርጌ፣ ከቆላው አፋፍ ላይ ናት። መሬቷ ድንጋይ ነው። ዝናሟ ትንሽ ነው። እህል ይዘሩባታል፤ ብዙም አትመልስም። ግራምባን ያኖራት ለውዝ ነው። ከመሬት የሚቆፈረውን ኦቾሎኒ አላልኩም። በዛፍ የሚያፈራውን፣ ቅርፊቱ እንደ አጥንት የጠነከረውን ለውዝ ነው ያልኩት። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል። በጾም ልጅም አዋቂም እሱን ይጠጣል። የተረፈውን የጨው ነጋዴዎች ይወስዱታል፤ ጨውና ማሽላ ይሰጡበታል። ለውዝ ባይኖር ግራምባ ላይ ጭስ አይጨስም ነበር።

ለውዙን ያመጣው ኢየሩሳሌም ደርሶ የተመለሰ አንድ ሰው ነው ይባላል። በመቀነቱ ጥቂት ፍሬ ቋጥሮ መጣ። ተከለው። ያዘለት። አምስት ሆነ፣ አሥር ሆነ፣ ሃያ ሆነ። ሰውየው ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰበሰበ።

"ከየዛፉ አናት ላይ አንድ ቅርንጫፍ ሳይለቀም ይቅር። እሱ የእግዜር ድርሻ ነው። ማንም እጁን አይስደድበት" አለ።

ይኼን ብሎ ሞተ። ልጆቹ ቃሉን ጠበቁ። የልጅ ልጆቹም ጠበቁ። በሰኔ ለውዙ ሲለቀም የአናቱ ቅርንጫፍ አይነካም። ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ የእግዜር ድርሻ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ይከርማል። መንገደኛ አንጋጦ ያየዋል። "እግዜርን የሚያውቁ ሰዎች አገር ነው" ይላል። ግራምቦች ይኼን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ቀና ብለው ይሄዳሉ።

ዛፉ ሠላሳ ሰባት ሲደርስ ነው እንግዲህ ዘርፌ የነበረችው።

ዘርፌ ድኻ ነበረች። ዛፍ የላትም። መሬት የላትም። ባሏ ጨው ሊያመጣ ቆላ ወርዶ በወባ ቀርቷል። ልጅ አልወለደችም። አንድ እግሯ ከሌላው አጠር ይላል። ያላት ሁለት ድንጋይ ነው። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ። ሁለተኛው እጅ የሚሞላ አሎሎ ነው። ለውዙን ጎድጓዳው ላይ ታስቀምጣለች። በአሎሎው ትመታዋለች። አንዴ ብቻ ነው የምትመታው። ቅርፊቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ፍሬው አይነካም። የአገሩን ለውዝ ሁሉ የምትሰብረው እሷ ነበረች። የድካሟ ዋጋ ቅርፊቱና የተሰባበረው ፍሬ ነው። የተሰባበረውን ትበላለች። ቅርፊቱን ታነድዳለች። የለውዝ ቅርፊት ጥሩ ይነዳል።

ከመስበሯ በፊት እያንዳንዱን ወደ ጆሮዋ ታስጠጋና ትነቀንቀዋለች። "ይኼ ሙሉ ነው። ይኼ ባዶ ነው። ይኼ እንግዳ አለበት" ትላለች። እንግዳ የምትለው ትሉን ነው።

በመጀመሪያ እንግዳው ጥቂት ነበር። ከአንድ ቁና ሁለት፣ ሦስት። ቆይቶ እፍኝ ሆነ። ቆይቶ ግማሽ ቁና ሆነ። ቅርፊቱ ሲከፈል ነጭ ትል ይንፈራገጣል። ፍሬው ተበልቶ ዱቄት ሆኗል። ዱቄቱ በድር ተጠላልፏል። ዛፉም ታመመ። ከግንዱ ሙጫ ይወርዳል። ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ፍሬው ሳይደርስ ይረግፋል። የጨው ነጋዴዎቹ ከረጢቱን ከፍተው አዩና አህዮቻቸውን አዙረው ሄዱ።

ያኔ ጭቃ ሹም ድልነሳው አገሩን ሰበሰበ። ድልነሳው የዚያ የኢየሩሳሌሙ ሰው ዘር ነው። ትልቁ ዛፍ፣ የመጀመሪያው ዛፍ የእሱ ነው። እንዲህ አለ፦

"ሦስት ጊዜ እንልቀም። ሦስተኛው ላይም እንዲህ ከሆነ ይቆረጥ። ከሰል ይሁን። ቦታው ላይ ማሽላ እንዘራለን።"

"ማሽላውማ መች ይበቅላል ጌታዬ?" አለ አንዱ።

"ካልበቀለ እንሄዳለን" አለ ድልነሳው።

ዘርፌ ከኋላ ቆማ ሰማች። ዛፉ ከተቆረጠ አገሩ ይበተናል። ሌላው ዘመድ አለው፤ አንዱ ደጋ ይወጣል፣ አንዱ ቆላ ይወርዳል። እሷ ማንም የላትም። ያላት ሁለት ድንጋይ ነው። ለውዝ ከሌለ ድንጋዩም ድንጋይ ብቻ ነው።

"አይቆረጥም" አለች ለራሷ። ድንጋይዋን አነሣች። ወደ ቤቷ ሄደች።

የመጀመሪያው ፈተና ይኼውላችሁ።

በሰኔ ተለቀመ። ትሉ ባሰ። ሰው የሚወቅሰው ሰው ፈለገ። ማንያህልሻል የምትባል አንዲት ባለ ዛፍ ነበረች። ምላሷ ስለታም ነው። እንዲህ አለች፦

"እኔ የምለው፣ ትሉን ያገኘው ማነው? ዘርፌ። ሁልጊዜ የምታገኘው ማነው? ዘርፌ። ዛፍ ላይ ሳለ ትል አይታይም። ከረጢት ውስጥ ሳለ አይታይም። ዘርፌ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ከተፍ ይላል።"

ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነት መሰለው። ጭቃ ሹሙ ዘርፌን አስጠራት።

"አንቺ፣ ትሉ ከአንቺ ድንጋይ ነው ይላሉ።"

"ጌታዬ፣ ሳይሰበር ያየው ማን አለ ታዲያ?" አለች ዘርፌ።

አንዳንዱ ሳቀ። ድልነሳው ግን አልሳቀም። ድንጋይዋን ወሰዱባት። የመስበሩን ሥራ ለማንያህልሻል ሰጧት። ዘርፌ አልጮኸችም። አልረገመችም። ጠዋት ጠዋት እየመጣች ከማንያህልሻል አጥር ውጭ ትቀመጣለች። ዝም ብላ ታዳምጣለች።

ማንያህልሻል በራሷ ድንጋይ ሰበረች። ጣቷንም ሰበረች። ፍሬውን ከቅርፊቱ ጋር ደቀደቀችው። ከደቀቀውም መሐል ትሉ ብቅ አለ። እንደ ዘርፌው ያለ ነጭ ትል፣ እንደ ዘርፌው ያለ ድር።

"ማንያህልሻል፣ እንግዳ መጣብሽ?" አለች ዘርፌ ከአጥሩ ውጭ።

"ዝም በይ አንቺ!" አለች ማንያህልሻል። ጣቷን እየጠባች ነው።

በማግስቱ ድንጋዩን አመጡና በሯ ላይ ጣሉት። ማንም ይቅርታ አላላትም። ዘርፌም አልጠበቀች። ያን ያህል ለውዝ ተቆልሎ ይጠብቃታል። ድንጋይዋን አነሣች። መስበር ጀመረች። ትል ያለበትን ሁሉ ለብቻ እያደረገች ከነቅርፊቱ እሳት ውስጥ ከተተችው። አንድ እንኳ አላስቀረችም።

የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሁለተኛውን ስሙ።

ክረምቱ ወጣ። ዘርፌ ዛፎቹን ማየት ጀመረች። ዛፍ የላትምና ዛፍ ልብ ብላ አይታ አታውቅም ነበር፤ የምታውቀው ፍሬ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ እያነከሰች ትሄዳለች። ግንዱን በጣቷ ትነካለች። ሙጫውን ታሸታለች። አንድ ነገር አየች።

ግራምቦች የታመመውን ቅርንጫፍ ይቆርጡታል። እሱ ደግ ነው። የቆረጡትን ግን አይጥሉትም። ፍየል ግንዱን እንዳይልጥ ብለው እዚያው ዛፉ ዙሪያ ያጥሩታል። አጥር ሆኖ ይከርማል። ዝናም ሲመጣ ጥቁሩ ነጠብጣብ መጀመሪያ የሚታየው ከአጥሩ አጠገብ ባለው ቅጠል ላይ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል።

"የታመመውን ከጤነኛው ጋር አስተኝታችሁታል" አለች ዘርፌ።

"ታዲያ ፍየሏን አንቺ ልትጠብቂያት ነው?" አሏት። ሳቁባት።

ዘርፌ ገመድ ተበደረች። የአንዱን ዛፍ አጥር ነቀለች። ጀርባዋ ላይ አዘለች። ገደሉ አፍ ድረስ ወሰደች። አቃጠለች። ተመለሰች። የሁለተኛውን ነቀለች። አዘለች። ወሰደች። አቃጠለች። ተመለሰች። ጥቅምት አለቀ። ኅዳር ገባ። እሾሁ ጀርባዋን በላው። አጭሩ እግሯ አበጠ። እሷ ታዝላለች፣ ትወስዳለች፣ ታቃጥላለች፣ ትመለሳለች። የረገፈውን ቅጠልም ጠረገች። የቅርንጫፍ መቁረጫ ማጭዱን ተቀብላ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሄድ እሳት ላይ ታሳልፈዋለች። ለምን እንደሆነ አትናገርም። ሳታውቀውም ይሆናል። ብቻ ታደርገዋለች።

ሠላሳ ስድስቱን ጨረሰች። ሠላሳ ሰባተኛው የጭቃ ሹሙ ነው። እሱንም ነቀለች። ድልነሳው ከእርሻ ሲመለስ ግንዱ ራቁቱን ቆሟል።

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም ጌታዬ።"

"ነገ ፍየል ብትልጠውስ?"

"አትልጠውም" አለች ዘርፌ።

ድንጋይ መሰብሰብ ጀመረች። በግንዱ ዙሪያ በድንጋይ ካበች። እስከ ወገብ ድረስ ካበች። ድልነሳው ቆሞ አያት። ሲሄድ ግን አንድ ትልቅ ድንጋይ በእግሩ ገፋ አደረገላት። ያን ያየ ሌላው ሰው በየዛፉ ድንጋይ መካብ ጀመረ።

በዓመቱ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሙጫው ቀነሰ። ፍሬው አልረገፈም። ሰው ደስ አለው። በሰኔ ተለቀመ፣ ቁናው ሞላ። ዘርፌ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፣ ነቀነቀች።

"እንግዳ አለበት" አለች።

ሁለተኛውን ነቀነቀች። "እንግዳ አለበት።" ሦስተኛውንም እንዲሁ።

ዛፉ ዳነ። ፍሬው አልዳነም። ድልነሳው ምሳር ሊያስመታ ወደ ቀጥቃጩ ሄደ። አንድ ዓመት ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ሦስተኛው መጣ። ከባዱ እሱ ነው።

ዘርፌ ድንጋይዋ አጠገብ ተቀምጣ አሰበች። እንዲህ ብላ አሰበች። አምና ያገኘሁትን ትል ሁሉ አቃጥያለሁ። የአገሩ ለውዝ ሁሉ በእኔ ድንጋይ ነው የሚያልፈው። አንድ እንኳ አላስቀረሁም። ታዲያ የዘንድሮው ትል ከየት መጣ? በኔ ድንጋይ ያላለፈ ለውዝ የት አለ?

ቀና አለች። የዛፉን አናት አየች። የእግዜር ድርሻ እዚያ ተንጠልጥሏል።

ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ፈራች። ማንም እጁን አይስደድበት ተብሏል። ማሰቡም አስፈራት። ቀናት አለፉ። ወራት አለፉ። ታኅሣሥ ገባ፣ ዛፉ ቅጠሉን አራገፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነፋስ መጣ። ከአናቱ ላይ አንድ ጥቁር ለውዝ ወደቀ። ተንከባለለ። እግሯ ሥር ቆመ።

አነሣችው። ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። አልነቀነቀችውም። በራሱ ይንኮሻኮሻል።

ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። መታችው። አንዴ ብቻ መታችው።

ከዚያ ተነሥታ ወደ አባ ክንፉ ሄደች። አባ ክንፉ የግራምባ ገብርኤል ቄስ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቁጡ ናቸው።

"አባ፣ ኃጢአት ሠርቻለሁ" አለች።

"ምን አደረግሽ?"

"የእግዜርን ሰበርኩ።"

"የእግዜርን ምኑን?"

"ለውዙን።"

አባ ክንፉ መስቀላቸውን ያዙ። "ወደቀ ወይስ አወረድሽው?"

"ወደቀ።"

"ወድቆም ቢሆን የሱ ነው። ታዲያ ምን አገኘሽ?"

"ትል። አምስት። በሕይወት ያሉ፣ የወፈሩ።"

"መቶ ስግደት ስገጂ" አሉ።

ዘርፌ ሰገደች። በዚያ እግሯ መቶ ስግደት። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች።

"ስግደቱን ጨረስኩ አባ።"

"እግዜር ይፍታሽ።"

"ትሉ ግን አላለቀም።"

"አንቺ ሴትዮ! እኔ ምን ላድርግሽ? ያ የኢየሩሳሌሙ ሰው ተስሏል። የሰውን ስለት እኔ አልሽርም።"

"ይሻሩ አላልኩም" አለች ዘርፌ። "ለእግዜር የሰጠነውን እግዜር ደጅ ልስበረው ነው ያልኩት። ያምርበት እንደሆን እንየው።"

አባ ክንፉ ደጁን አዩ። ዛፎቹን አዩ። የድልነሳውን ምሳር አሰቡ። ገብርኤል በሚነግሥበት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከየዛፉ አንድ ብቻ እንዲወርድ ፈቀዱ።

የገብርኤል ዕለት ደረሰ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጣ። ዘርፌ በደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ድንጋዩ አለ። ከጎኗ ሠላሳ ሰባት ጥቁር ለውዝ አለ። በበሩ ጥግ አበጀ የሚባል ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተቀምጧል። አበጀ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ጥግ ነው የኖረ። እግዜር ይስጥልኝ ሲል ነው የኖረ።

"ምን ሊሰበር ነው?" አለ አበጀ።

"ለውዝ ነው አባቴ" አሉት።

ዘርፌ ሰበረች። ትል። ሰበረች። ትል። ሰበረች። ጥቁር ዱቄት። ሰበረች። ትል። የከፈተችውን እያንዳንዱን ቅርፊት ሕዝቡ እንዲያየው መሬቱ ላይ ዘረጋችው። አሥር ሆነ። ሃያ ሆነ። ማንያህልሻል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ዘርፌ ሰበረች። ትል። ሠላሳ ሆነ። ሠላሳ ስድስት ሆነ።

ሠላሳ ሰባተኛውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ነቀነቀች። ሰበረች። ደህና ፍሬ ወጣ። ትንሽ ነው፤ ግን ደህና ነው።

ያን ፍሬ ይዛ ተነሣች። ወደ አበጀ ሄደች። መዳፉን ይዛ ፍሬውን አስቀመጠችበት።

"እንካ አባቴ። የእግዜር ድርሻ ነው።"

አበጀ አሸተተው። "ለውዝ ነው?"

"ለውዝ ነው።"

"ስንት ዘመን ሽታውን ብቻ ነው የማውቀው። አድቅቂልኝ እስቲ፤ ጥርስ የለኝም።"

አደቀቀችለት። አላመጠ። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ የአበጀን አፍ ያያል። አበጀ ዋጠ።

"ተጨማሪ የለም?" አለ።

ዘርፌ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም። ይኼን ብቻ አለች፦

"ተጨማሪውንማ ትሉ በልቶታል። እኛ ለእግዜር ሰጠን እያልን የቀለብነው ትል ነው። ደጁ ላይ የተቀመጠውን ሰው አልሰጠነውም።"

አባ ክንፉ ጺማቸውን ያዙ። ከዚያ እንዲህ አሉ። "ስለቱ ይጸናል። ድርሻው የእግዜር ነው። ዛፍ ላይ አይቀመጥም እንጂ፤ ደጁ ድረስ መጥቶ በእጅ ይሰጣል። ውጡና አውርዱት።"

ሰዉ ወጣ። ዘንግ ያለው በዘንግ፣ መሰላል ያለው በመሰላል አወረደው። ትል ያለበትን አቃጠሉ። በቀኑ መጨረሻ ሠላሳ ስድስቱ ዛፍ ንጹሕ ሆነ።

ሠላሳ ሰባተኛው ቀረ። የድልነሳው ዛፍ ነው። ድልነሳው ከዛፉ ሥር ቆሟል።

"አንድ አውርዳችኋል፤ ይበቃል። ከእንግዲህ የኔን አትነኩም። እናንተ የሰማችሁት ቃል ነው፤ እኔ ግን የሰውየው የልጅ ልጅ ነኝ። የአያቴን ስለት በአንዲት ቅርፊት ለቃሚ አልሽርም" አለ።

ሰዉ ተመለሰ። የአንዱ ዛፍ ብቻ ነው፣ ምን ያደርጋል አለ። ዘርፌ ግን ታውቃለች። ትሉ ተለውጦ በክረምት መግቢያ ከየቅርፊቱ የሚወጣውን አመድ መሳይ ቢራቢሮ አይታዋለች። ክንፍ አለው። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ይበራል። አንዱ ከቀረ ሁሉም ቀረ።

ከድልነሳው ዛፍ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ድንጋይዋን ከፊቷ አደረገች።

"ተነሺ" አለ ድልነሳው።

"አልነሣም ጌታዬ።"

በማግስቱም መጣ። "ዛሬም አለሽ?"

"አለሁ ጌታዬ።"

"ምሳሩ ተስሏል። ዛፉ የሚቆረጥ ከሆነ ምን አደከመሽ?"

"የሚቆረጥ ከሆነ እርስዎስ አናቱን ምን አስጠበቀዎት?"

ድልነሳው ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ መጣ። ዘርፌ እዚያው ናት። ከንፈሯ ደርቋል። ድልነሳው አያት፣ ዛፉን አየ፣ እሷን አየ።

"ምን ላድርግ ነው የምትዪው?"

"ይውጡ። አንድ ብቻ ደግሞ ያውርዱ። እኔ አልነካውም። እርስዎ ይስበሩት።"

ድልነሳው በዕድሜው ሁሉ ለውዝ ሰብሮ አያውቅም። ሁልጊዜ ተሰብሮ፣ ታጥቦ ነው የሚቀርብለት። ጋቢውን አወለቀ። በአጥሩ ድንጋይ ላይ ቆመ፤ ዘርፌ የካበችው ድንጋይ ነው። ወጣ። አንድ ለውዝ ይዞ ወረደ። ጎድጓዳው ላይ አስቀመጠ። አሎሎውን አነሣ። መታ፤ ሳተው። መታ፤ ተፈናጠረ። ዘርፌ አነሣችና መልሳ አስቀመጠችለት።

"ቀስ ብለው ጌታዬ። ጠላት አይደለም።"

በሦስተኛው ተከፈለ። ትሉ ወጣ። መዳፉ ላይ ተንቀሳቀሰ። ድልነሳው እያየው ቆየ።

"አያቴ ይኼን አልተሳለም" አለ።

ከዚያ በኋላ ዛፉ ላይ ወጣ። አናቱን በእጁ ለቀመው። አንድም አላስቀረም።

በጥምቀት ለውዙ አበበ። ነጭ አበባ ነው፤ ኮረብታው ሁሉ የተሰጣ ነጠላ መሰለ። ሰው አበባውን እያየ ሰኔን ፈራ። ሰኔ መጣ። ለውዙ ተለቀመ። በዘርፌ ደጅ ተቆለለ። አገሩ ሁሉ መጥቶ ቆመ። ድልነሳውም ምሳሩን ይዞ መጣ።

ዘርፌ የመጀመሪያውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

"ሙሉ ነው" አለች። ሰበረች። ሙሉ ነው።

"ሙሉ ነው።" ሰበረች። ሙሉ ነው።

ቁናው እስኪያልቅ ሰበረች። መጨረሻው ላይ ቆም አለች። "ይኼ እንግዳ አለበት" አለች። ሰበረች፣ ትል ወጣ። ሰዉ አጉረመረመ።

"አልጠፋም ማለት ነው?" አለች ማንያህልሻል።

"አይጠፋም" አለች ዘርፌ። "እሱ በየዓመቱ ይመጣል። እኛም በየዓመቱ እንመጣለን።"

ትሉን እሳት ውስጥ ጣለችው። ቀጣዩን ለውዝ አነሣች። ድልነሳው ምሳሩን አየ፤ ረጅም ዘንግ ቆረጠበት። ያ ዘንግ ለማውረጃ ሆነ። የጨው ነጋዴዎቹም በመስከረም ተመለሱ።

ዘርፌ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። ዛፍ እንስጥሽ አሏት፤ እግሬ አያወጣኝም አለች። ስትሞት ድንጋይዋን ራስጌዋ ሊያቆሙት ፈለጉ። እሷ ግን አስቀድማ ተናግራ ነበር። "ድንጋዩ ሥራ አለው" ብላ ነበር። ስለዚህ መቃብሯ ላይ ምልክት የለም። የት እንደሆነ የሚያውቅም ዛሬ የለም። ድንጋዩ ግን የገብርኤል ደጀ ሰላም ላይ ነው።

ግራምባ ብትሄዱ በታኅሣሥ ገብርኤል ሂዱ። ዛፎቹ አናታቸው ባዶ ነው። መንገደኛ አንጋጦ የሚያየው ነገር የለም። ወደ ደጁ ግን ሰው ይሰለፋል። እያንዳንዱ ቤት ከየዛፉ ያስቀረውን ድርሻ ይዞ ይመጣል። በዘርፌ ድንጋይ ላይ ይሰብራል። ባለሥልጣንም ቢሆን ራሱ ነው የሚሰብረው፤ ሰው አይሰብርለትም። ደህናውን በተራበ ሰው መዳፍ ላይ ያስቀምጣል። ትል ያለበትን እሳት ውስጥ ይጥላል። በግራምባ እስከ ዛሬ ሰው ስጦታ ዘግቶ አይሰጥም። ከረጢት ከሆነ አፉን ይፈታል፣ እንስራ ከሆነ ይከፍታል፣ አሳይቶ ነው የሚሰጥ። እንግዳ ሰው ይገርመዋል። እነሱ ግን ዘርፌ እንዳየችው ይታይ ይላሉ፣ ይከፍታሉ።

የድንጋዩ ጎድጓዳ ጠልቋል። እጄን አስገብቼ አይቻለሁ። እስከ አንጓዬ ይደርሳል።

ባለፈው ታኅሣሥ እኔም ሰበርኩበት። አንድ ቁና ሙሉ። ሁለት ትል አገኘሁ። አቃጠልኳቸው። ዘንድሮም እሄዳለሁ።